ፍቱን

አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ በደቃቅ ፊደል፤
እናቴ መነጽሯን ቤት ጥላ መጥታ «አንብቢልኝ» ትል፤
እኔ የማየው ግን የመጨረሻውን፣
«ፊርማ» ከሚል ቃል ፊት የተዘረጋውን
ባዶውን መስመር ነው።

ቫልፓራይሶ ላይ ጉም ወርዷል ከጧቱ፤
ወደቡ አይታይም፣ ይሰማል ጩኸቱ።
ኤቫሪስቶ ወንድሜ፣ ድሮ መርከብ ቀቢ፣
መስኮቱን ተደግፎ የጡሩንባ ድምፅ ሰብሳቢ፦
«ይሄኛው የጭነት፤ ያኛው ዓሣ አጥማጅ ነው፤»
ማንም ሳይጠይቀው።

ዶክተር ኢሪባሬን ጣቶቻቸውን ቆላልፈው፣
በጨዋ ቋንቋ፣ ብዙ «ምናልባት» አሰልፈው፦
«አዲስ ክኒን አለ፤ ለግማሹ ታማሚ እሱ ይሰጠዋል፤
ለግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ ዱቄት ይደርሰዋል።
የቱ ለማን እንደሆን እኔም አላውቀው፤
ዕጣው ነው የሚያውቀው።»

እናቴ ቀደመች። «ልጄን እንደ አይጥ?» አለች።
ጥቂት ዝም አለች።
ደግሞ፣ የቦርሳዋን ዚፕ እየነካካች፦
«ያ የድሮው መርፌ፣ አንገቱን ያጣመመው፣ ምራቁን ያዝረከረከው፣
እሱንስ በማን ላይ ነበር የሞከሩት? የማን እናት ናት የፈረመችው?»

ከኋላችን ወረፋ የያዘች ሴት፣ ኤርሚንያ የምትባል፣
ሳትጠራ ገባች፦ «ፈርሙ እናንተ! ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?
ባሌ ከገባ ወዲህ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደሙን ይለካሉ፣
የአውቶቡስ ይከፍላሉ፣
ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቀው ይጽፋሉ።
የሚውጠው ዱቄት ይሁን አይሁን እንጃ፤
ሰው ግን ያየዋል።»

ሰው ግን ያየዋል።
ይህች ቃል እኔ ዘንድ ቀረች።

እኔስ? እህቱ ኦርቴንሲያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበር ቁልፍ በአንገቴ፣
እውነቱን ልናገር፣ ባትሰማኝ እናቴ፦
ፈርም ብዬ የጓጓሁት ለእሱ አልነበረም።
ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ለራሴ።

እሱ ግን ያነባል።
ጣቱን በመስመር ላይ እንደ ብሩሽ እየጎተተ፣
አንዱን ገጽ ጨርሶ ሌላውን ከፈተ።
ሐኪሙ ሰዓት አዩ፤ እናቴ አቃሰተች፤
ኤርሚንያም ሰልችቷት ወንበሯን አዞረች።
እሱ ግን ያነባል።

«ድምፆቹስ ምን አሉህ?» አልኩት በሹክሹክታ።
«ሁለቱ እንቢ አሉ። ሦስተኛው ተኝቷል።
ደግሞስ እነሱን ማን ጠየቃቸው?
የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነው።
በነጭ መኪና ሲጭኑት፣ ከአልጋ ሲያስሩት፣
መርፌውን ሲወጉት፣ መጠኑን ሲጨምሩት፣
እኔም ጭምር ማታ ማታ በሩን ስቆልፈው፣
«ትፈልጋለህ ወይ?» ያለው ማን ነው?

ጨርሶ ቀና አለ።
«ገጽ ስምንት ላይ፣ ጥናቱ በዓመቱ ያበቃል ይላል።
ቢሻለኝስ? ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ማን ይሰጠኛል?»

ዶክተሩ ገጽ ስምንትን ፈለጉ።
አገኙት። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።
«ይሄን...» አሉ፣ «ይሄን አልጻፉትም።»

ፍቱን የሚባለው የተፈተነ ነው፤
ሳይፈተን ፍቱን ማን አየ? አውቀዋለሁ።
ግን እኛ፣ ሕመምተኛውም፣ ቁልፍ ያዡም፣ በአንድ ሳንቃ ውስጥ ሆነን
ስንት ዓመት ሙሉ «ፍቱን!» ብለን ጮኸን፤
እነሱ በደጅ ሰምተው
መድኃኒት የለመንን መሰላቸው።

ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተ።
«ጥያቄዬን ይጻፉበት። ማክሰኞ እመጣለሁ፤» አለ።
እመጣለሁ አለ፤ «ያመጡኛል» አላለም።

በኮረብታው አሳንሰር፣ ሽቦው እያቃሰተ፣ ሽቅብ ስንጎተት፣
የራሱን ሳንቲም ከፈለ፤ የኔን ግን ረሳት።
ጉሙ ከእግራችን ሥር ቀረ። አንድ መርከብ ጮኸ።
«ይሄንንስ አላወቅኩትም፤» አለና ሣቀ።

እራት ላይ ነው ያየሁት፣ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ፦
አልፈረመም፤
የዶክተሩን እስክሪብቶ ግን ይዞት መጥቷል።